ሽቦውና ምድሩ

መሬት የያዘ ይገዛል የሚለው አስተሳሰብ እንደ መንግሥት ሁሉ ያረጀ ነው። ግብር የሚሰበሰበው ከመሬት፣ ጭፍራ የሚቀለበው በመሬት፣ ሹመትም የሚለካው በመሬት ነበርና እንዲህ መታሰቡ አያስደንቅም። ወሬ የያዘም እንደሚገዛ ለጥንት ነገሥታት አልጠፋቸውም፤ ሰላይ ያሰማራሉ፣ መልእክተኛ ያስሮጣሉ፣ በር ዘግተው ደብዳቤ ያስይዛሉ። ወሬ ከፈረስና ከመርከብ ፈጥኖ መሄድ እስካልቻለ ድረስ ግን ሁለቱ ነገሮች እምብዛም አይለያዩም ነበር። መንገዱን የያዘ ወሬውንም ይይዛል። ወሬና መንገድ የተፋቱት በ19ኛው መቶ ዓመት፣ በቴሌግራፍ ነው። ፍቺው ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ብዙም የማይርቀው ፋሾዳ ነበር።

በኤሌክትሪክ ሽቦ መልእክት መላክ በየብስ ላይ የተስፋፋው በ1840ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በባሕር ሥር መዘርጋቱ ዘገየ። በ1851 እንግሊዝና ፈረንሳይ በዶቨርና በካሌ መካከል ተገናኙ። በ1858 አትላንቲክን ያቋረጠው የመጀመሪያው ኬብል ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ሠርቶ ሞተ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለቡካናን የላከችው 98 ቃላት ያሉት መልእክት ለማለፍ 16 ሰዓት ፈጅቶበታል። በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለው ግዙፍ መርከብ የዘረጋው ኬብል ግን ጸና። አብርሃም ሊንከን በ1865 ሲገደሉ ወሬው ለንደን የደረሰው በ12ኛው ቀን ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ወሬ በሰዓታት ውስጥ ይሰማ ነበር። በ1870 ደግሞ ሽቦው በጅብራልታር፣ በማልታ፣ በእስክንድርያ፣ በሱዌዝና በኤደን አድርጎ ቦምባይ ገባ።

የዚህ ሁሉ ሥራ ባለቤቶች በአብዛኛው የእንግሊዝ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ትልቁ የጆን ፔንደር ኢስተርን ቴሌግራፍ ነው። መቶ ዓመቱ ሲያልቅ ከዓለም የባሕር ሥር ኬብል ከግማሽ በላዩ በእንግሊዞች እጅ ነበር። ኬብል የሚዘረጉትና የሚጠግኑት መርከቦችም አብዛኞቹ የእነሱ ነበሩ። ሽቦውን ከባሕር ውኃ የሚከላከለው ጉታ ፐርቻ የተባለው የዛፍ ሙጫ እንኳ የሚገኘው በማላይና በአካባቢው ደሴቶች ሲሆን የሚሸጠው በሲንጋፖር ገበያ ነበር፤ ሲንጋፖርም የእንግሊዝ ናት። ሙጫውን ለማግኘት ዛፉ ይቆረጥ ስለነበር ደኑ በጥቂት አሥርት ዓመታት ተራቆተ። ይህን የሩቅ ደን ጥፋት ያኔ በቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነው።

ወደ ፋሾዳ እንመለስ። የግብጽ ሕይወት ዓባይ ነው፤ ዓባይን ከላይ የያዘ ግብጽን ይይዛል የሚል ስሌት በ1890ዎቹ ለንደንንም ፓሪስንም እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ፈረንሳይ በሻምበል ዣን ባቲስት ማርሻን የሚመራ አነስተኛ ጓድ ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ፣ አፍሪካን አቋርጦ፣ ዓባይ ላይ ሰንደቋን እንዲተክል በ1896 ላከች። ጓዱ ኮንጎንና ኡባንጊን ተከትሎ ወጣ። ፌዴርብ የተባለችውን የእንፋሎት ጀልባ ፈታትቶ በሰው ሸክም በየብስ አሳለፋት። በባሕር ኤል ጋዛል ረግረግ ውስጥ በሸንበቆ መካከል መንገድ እያበጀ፣ ሁለት ዓመት ያህል ተጉዞ ጁላይ 10 ቀን 1898 ፋሾዳ ገባ። አሥራ ሁለት ያህል ፈረንሳውያንና ከመቶ የሚበልጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ።

ከምሥራቅ በኩልም የዐፄ ምኒልክ ጦር በደጃዝማች ተሰማ ናደው መሪነት ወደ ነጭ ዓባይ ወርዶ ነበር። ጥቂት ፈረንሳውያንና አንድ ሩሲያዊ መኮንን አብረውት ነበሩ። ከማርሻን በፊት፣ በጁን ወር፣ የሶባት ወንዝ ከዓባይ የሚገናኝበት ቦታ ደረሰና ባንዲራ ተከለ። ነገር ግን ወባው በረታ፣ ስንቁም አለቀ፤ የሚጠብቁት የፈረንሳይ ጓድም የት እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ ስላልነበራቸው ወደ ደጋው ተመለሱ። ሁለቱ ወገኖች በሳምንታት ልዩነት ተላለፉ። ወሬ የሚያገናኛቸው ቢሆን ኖሮ የላይኛው ዓባይ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ማለት ማጋነን ሊሆን ይችላል፤ ቢያንስ ማርሻን ብቻውን አይቆምም ነበር።

የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር የመጣው ከሰሜን ነው። ከግብጽ ተነሥቶ ሱዳንን የያዙትን ደርቡሾች ለመውጋት ሲዘልቅ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ ከኋላው እያስከተለ ነበር። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በኦምዱርማን የመሪያቸውን የኸሊፋውን ሠራዊት ሰባበረ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከላይ የወረደች አንዲት የደርቡሾች መርከብ ነጮች እንደተኮሱባት የሚናገሩ መርከበኞች፣ በገላዋም ላይ የአውሮፓ ጥይት ይዛ መጣች። ኪችነር መድፍ የጫኑ ጀልባዎችና 1,500 ያህል ወታደር ይዞ ወደ ላይ ገሰገሰ፤ ሴፕቴምበር 19 ቀን ፋሾዳ ላይ ከማርሻን ጋር ተገናኘ። ሁለቱ መኮንኖች በጨዋነት ተነጋገሩ፣ ተጠጣጡም። ማርሻን ከምሽጉ አልወጣም አለ። ኪችነርም የግብጽን ባንዲራ ከዚያው ቅርብ ሰቀለና ነገሩን መንግሥታት ይጨርሱት ብሎ ተለያዩ።

መንግሥታት ይጨርሱት መባሉ እኩልነት ይመስላል። ነገር ግን ኪችነር ወደ ኦምዱርማን ተመልሶ ቴሌግራም ሲመታ ለንደን ወዲያው ይሰማዋል። ማርሻን መልእክት ቢልክ በመጣበት የኮንጎ መንገድ ወራት ይፈጃል፤ አለዚያ የሚያልፈው በእንግሊዝ ሽቦ ነው። የፈረንሳይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴልካሴ የራሱ መኮንን በሕይወት መኖሩን፣ ስንቅና ጥይት እንዳለውና እንደሌለው የሚያውቀው ባላጋራው ሲነግረው ነው። ኪችነርም የነገረው ማርሻን አቅም ያጣ፣ ደርቡሾች ባይሸነፉ ኖሮ ያለጥርጥር የሚጠፋ ሰው እንደሆነ አድርጎ ነበር። ይህ ሪፖርቱ ለንደን ላይ ታተመ፣ የጋዜጦችም መነጋገሪያ ሆነ። እውነቱ ግን ማርሻን ከሳምንታት በፊት የደርቡሾችን ጥቃት የመለሰ፣ ምግብ ያልቸገረው፣ እንዲያውም ምሽጉ ውስጥ የአትክልት ቦታ ያበጀ ሰው ነበር። ያ እውነት ፋሾዳ ቀረ፤ ፓሪስ የደረሰው የኪችነር ወሬ ነው።

እንግሊዞቹ ሲሄዱ ለፈረንሳውያኑ ያስቀሩላቸው አንድ ስጦታ ነበር፤ የፓሪስ ጋዜጦች። ጓዱ በስለላ በሐሰት ስለተከሰሰው መኮንን ስለ ድሬፉስ ጉዳይ፣ አገራቸው ለሁለት ተከፍላ እየተናከሰች ስለመሆኗ ያነበበው ከእነዚያ ጋዜጦች ነው። ማርሻን ኋላ እንደተናገረው መኮንኖቹ አንብበው አለቀሱ። አንድ ጥይት ሳይተኮስ የሰው ልብ እንዴት እንደሚሰበር ኪችነር ሳያውቀው ያደረገው አይመስልም።

ዴልካሴ በመጨረሻ የራሱን ሰው ቃል ለመስማት የእንግሊዝን ፈቃድ ጠየቀ። ሻምበል ባራቲዬ በካይሮ በኩል ወደ ፓሪስ ሄደ። ማርሻንም ራሱ ካይሮ ወረደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሳኔው አልቆ ነበር፤ ኖቬምበር ሲገባ ፈረንሳይ ፋሾዳን ለመልቀቅ ወሰነች። ዲሴምበር 11 ቀን ማርሻን ባንዲራውን አወረደ። በእንግሊዝ በኩል በዓባይ መውረዱን እንደ ውርደት ስለቆጠረው በሶባትና በባሮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ዐፄ ምኒልክ ተቀብለው አስተናገዱት፤ በሜይ 1899 ጅቡቲ ደረሰ።

ፈረንሳይ የተሸነፈችው በሽቦ ብቻ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። ኪችነር በአካባቢው የማይመጠን ጦር ነበረው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ከፈረንሳይ እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ጦርነት ቢነሣ የሚወሰነው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የሰርጡ ባሕርና በሜዲትራኒያን እንጂ በነጭ ዓባይ አልነበረም። ሽቦው ያደረገው ሌላ ነው። የጊዜውን ሩጫ ለአንድ ወገን ሰጠ፤ የመጀመሪያውን ቃል ለአንድ ወገን ሰጠ፤ ያንኛው ወገን ደግሞ በሌላ ሰው ዓይን ብቻ እንዲያይ አደረገ። ማርሻን መሬቱን ይዞ ነበር። መያዙ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ግን ሌላ ሆነ።

ከፋሾዳ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ቀጠና ውስጥ የሽቦው ሌላ ገጽታ ታይቷል። ጄኔራል ባራቲዬሪ በትግራይ ተራሮች ሠራዊቱን ይዞ ሲያመነታ የኢጣሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ከሮማ በቴሌግራም ያጣድፈው ነበር፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1896 የላከው መልእክት ጄኔራሉን የሚያሳፍርና ወደ ውጊያ የሚገፋ ነበር። ክሪስፒ ፈጣን ወሬ ነበረው፣ ምድሩን ግን አያውቅም። ባራቲዬሪም ቢሆን የተመራበት የእጅ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለቦታው ያሳየ ነበር። በካርታው የታዘዘው የአልበርቶኔ ብርጌድ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ከሌላው ሠራዊት ተነጥሎ ሩቅ ሄደና በኢትዮጵያ ጦር መካከል ወደቀ። አድዋ ላይ ምድሩን ከነስሙ፣ ከነሸለቆው የሚያውቁት ሌሎቹ ነበሩ። የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ስለነበር ጥቂት ቀን መታገሥ ለባራቲዬሪ ይበጀው ነበር፤ ከሮማ የሚመጣው ሽቦ ግን ትዕግሥትን አያውቅም። ሽንፈቱም በዚያው ሽቦ ሮማ ገብቶ የክሪስፒን መንግሥት በአሥር ቀን ውስጥ አወረደው።

ከድሉ በኋላ ምኒልክ ስልክና ቴሌግራፍን ለግዛታቸው ማስተሳሰሪያ አደረጉ። ነገር ግን ከአገር የሚወጣው መልእክት የሚያልፈው ወይ በጅቡቲ በፈረንሳዮች፣ ወይ ኢጣሊያኖች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ አስመራ በዘረጉት መስመር ነበር። በጦር ሜዳ ያልተደፈረ አገር ለውጭ ዓለም የሚናገረው በጎረቤት ቅኝ ገዢዎች ሽቦ ሆነ። የባሕር በር ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዕቃ ጋር ተያይዞ ነው፤ የወሬ በርም እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፈረንሳዮችም ከፋሾዳ ትምህርት ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት የቦር ጦርነት ሲጀመር እንግሊዝ በኤደንና በደቡብ አፍሪካ በሚያልፈው ቴሌግራፍ ላይ ሳንሱር ስታደርግ ፓሪስ ከማዳጋስካር ጋር በነጻ መነጋገር አልቻለችም። ፈረንሳይ የራሷን ኬብሎች ለመዘርጋት፣ ጀርመንም በ1900 በአዞሬስ በኩል ወደ ኒው ዮርክ የራሷን መስመር ለማስገባት ተነሡ። እንግሊዝ በበኩሏ የሌላ አገር መሬት ሳይነካ ምድርን የሚዞር መስመር ፈለገች። የግዛቶቿ ቀለም በካርታ ላይ ቀይ ስለነበር ቀዩ መስመር ይባል ነበር። በ1902 ከካናዳ በፋኒንግ ደሴት፣ በፊጂና በኖርፎክ አድርጎ አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ የገባው ኬብል ቀለበቱን ዘጋው።

የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ፋኒንግ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች የኮራል ደሴት ናት፤ ያለ ኬብሉ ከለንደን ማንም በስሟ አይጠራትም ነበር። ኬብል ግን ማረፊያ ይፈልጋል። ጅረቱ በመንገድ እየደከመ ስለሚሄድ በየመካከሉ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ጣቢያውም ድንጋይ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሽቦው መሬትን ዋጋ አላሳጣም፤ የሚፈለገው መሬት ግን ሌላ ሆነ። ሰፊ ለም ሜዳ ሳይሆን ገደላማ ደሴት፣ ጠባብ ወደብ፣ የባሕር ጉሮሮ ተፈላጊ ሆነ። ኤደን፣ ማልታና አሴንሽን ደሴት በስፋታቸው ኢምንት ናቸው።

ጀርመኖችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ኑርንበርግ የተባለችው መርከባቸው ፋኒንግ ላይ ወርዳ ኬብሉን ቆረጠች። ኖቬምበር 9 ቀን ደግሞ ዝነኛዋ ኤምደን በሕንድ ውቅያኖስ የኮኮስን የኬብል ጣቢያ ለማፍረስ ወታደሮች አወረደች። የጣቢያው ሠራተኞች ግን ወታደሮቹ ሳይደርሱባቸው እንግዳ መርከብ መምጣቷን በሬዲዮ አሰምተው ነበር። በአቅራቢያ ያለፈችው ሲድኒ የተባለች የአውስትራሊያ የጦር መርከብ ደርሳ ኤምደንን ከጥቅም ውጪ አደረገቻት። ያም ሆኖ የእንግሊዝ ኬብሎች ብዙ ስለነበሩ አንዱ ሲቆረጥ ወሬው በሌላው ይዞራል፤ ከጦርነቱ በፊት የእንግሊዝ የመከላከያ አጥኚዎች ብሪታንያን ከዓለም ለመነጠል 49 ኬብሎች መቆረጥ እንዳለባቸው አስልተው ነበር።

በጀርመን ላይ ግን ሥራው የአንድ ሌሊት ሆነ። ጦርነት በታወጀ በሰዓታት ውስጥ፣ ኦገስት 5 ንጋት ላይ፣ አለርት የተባለች የኬብል መርከብ በሰርጡ ባሕር የሚያልፉትን የጀርመን ኬብሎች እየሳበች አውጥታ ቆረጠቻቸው። ጀርመን ከዚያ በኋላ ከባሕር ማዶ ጋር መነጋገር የምትችለው ወይ ማንም ሊያዳምጠው በሚችል ሬዲዮ፣ ወይ በገለልተኛ አገሮች ኬብል ነበር። እነዚያ ኬብሎች ደግሞ እንግሊዝን ይነካሉ።

በጃንዋሪ 1917 የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አርቱር ሲመርማን ለሜክሲኮ አምባሳደሩ በምስጢር ጽሑፍ አንድ መልእክት ላከ። አሜሪካ ጦርነት ከገባች ሜክሲኮ ከጀርመን ጎን ትቁም፣ በዋጋውም ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን ታስመልስ የሚል ነበር። መልእክቱ የተላለፈው አሜሪካ ለሰላም ድርድር ብላ በፈቀደችው የራሷ የዲፕሎማሲ መስመር ነው፤ መስመሩም በለንደን ያልፋል። በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ውስጥ ክፍል 40 የሚባለው የምስጢር ጽሑፍ ፈቺዎች ቡድን መልእክቱን ጠለፈው፣ ፈታውም።

አሁን የቸገረው ማውጣቱ ነበር። እንግሊዝ የፈታችውን መልእክት ብታሳይ የአሜሪካን መስመር እንደምታዳምጥ ይታወቃል፤ ጀርመንም ምስጢራዊ ቁልፏን ትቀይራለች። የባሕር ኃይሉ የስለላ አለቃ ሬጂናልድ ሆል መልእክቱ ከዋሽንግተን ወደ ሜክሲኮ በተራ የንግድ ቴሌግራፍ እንደተላለፈ ገመተና ቅጂውን ሜክሲኮ ውስጥ አስገኘ። ከዚያ በኋላ ምስጢሩ ሜክሲኮ ላይ ያፈተለከ መስሎ ለአሜሪካኖች ተሰጠ። ማርች 1 ቀን በጋዜጦች ወጣ። ብዙዎች የእንግሊዝ ፈጠራ ነው ብለው ሲጠራጠሩ ሲመርማን ራሱ ከሁለት ቀን በኋላ እኔ ልኬዋለሁ ብሎ አረፈው። አሜሪካ ኤፕሪል 6 ቀን ጦርነት አወጀች። በርግጥ ያለ ገደብ የተከፈተው የጀርመን የባሕር ሰርጓጅ ዘመቻ ዋናው ምክንያት ነው፤ ቴሌግራሙ ግን የአሜሪካን ሕዝብ ስሜት ገለበጠው። ጀርመን በያዘችው ሳይሆን ልትይዘው በማትችለው መሬት ስም ገብታ፣ በማታዝበት ሽቦ ተጠምዳ ወደቀች።

ዛሬ በመዳብ ፋንታ ፋይበር፣ በቴሌግራም ፋንታ ኢንተርኔት አለ። ከ95 በመቶ በላይ የሆነው የአገር ለአገር የመረጃ ልውውጥ የሚተላለፈው አሁንም በባሕር ሥር ኬብል እንጂ ብዙ ሰው እንደሚያስበው በሳተላይት አይደለም። መስመሮቹም ብዙ ጊዜ የድሮዎቹን ዱካ ይከተላሉ። የ1870ው የሕንድ ኬብል ከእንግሊዝ የተነሣው ከኮርንዎል ዳርቻ ነበር፤ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ያወጣቸው ሰነዶች የእንግሊዝ የስለላ ድርጅት የፋይበር ኬብሎችን በስፋት የሚጠልፍበት አንዱ ዋና ቦታ ያው ኮርንዎል መሆኑን አሳዩ። ዝርጋታው ተለወጠ፣ ጥጉ አልተለወጠም።

መሬት የያዘ መንግሥትም ቢሆን በሽቦ ላይ አቅም አጥቷል ማለት አይደለም። ኩባንያው የትም ይኑር፣ መስመሩ በአገር ውስጥ እስካለፈ ድረስ ማጥፊያው በባለ አገሩ እጅ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2016 ጀምሮ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ወይም ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ ያውቃል። ከኖቬምበር 2020 በኋላ ደግሞ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል በስፋት ተቋርጦ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሪያድ ያሉ ቤተሰቦች የወገኖቻቸውን ሕይወትና ሞት ሳያውቁ ቆይተዋል። ወሬ የተቋረጠበት ምድር ላይ ምን እንደሆነ ለዓለም የሚናገረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እንደ ማርሻን ዘመን ሁሉ አፈጠጠ።

ጅቡቲ የዚህን ሁሉ ውጤት በአንድ ቦታ ሰብስባ የያዘች አገር ናት። ስፋቷ 23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሕዝቧ ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም። ከእስያ አውሮፓ የሚሻገሩ በርካታ ኬብሎች ዳርቻዋ ላይ ያርፋሉ፤ የአሜሪካና የቻይና ጦር ሰፈሮችም እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያ ከ1993 ወዲህ የባሕር ዳርቻ ስለሌላት ከዓለም የምትገናኘው በጎረቤቶቿ፣ ከሁሉም አስቀድሞ በጅቡቲ በኩል ነው።

በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች ተበጠሱ። ሰንዓን የያዙት የየመን ሁቲዎች በሚሳይል የመቷት ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ሠራተኞቿ ትተዋት ስትንሳፈፍ መልሕቋ ባሕሩን እያረሰ እንደበጠሳቸው ይታመናል። ወሬው በሌሎች ኬብሎች እንዲዞር ተደረገ፤ እንደ ድሮው የእንግሊዝ መረብ። ጥገናው ግን ለወራት ዘገየ። አካባቢው የጦር ቀጠና መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት የጥገና መርከብ ወደዚያ ባሕር ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቀው ከየትኛው የመን፣ ከኤደን ወይስ ከሰንዓ፣ እንደሆነ ያልለየ መሆኑ ነበር።